ቁርስሽን ስለ መተውሽ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? ዓይንሽ አሁንም ሲመሽ ይደበዝዝብሻል ወይስ አዲሱ መነጽር ረዳሽ? እማዬን ያ ሳል ለቀቃት? ጋሼስ ወገቡን ሳያስብ ዛሬም እዚያች አጭር ወንበር ላይ ተኮራምቶ የሰው ሰዓት ይጠግናል? ሚጣ ከሒሳብ ጋር ታረቀች? ሰላምታዬ ከደጅ ጀምሮ እስከ ጓዳ ላለው ሁሉ ይድረስልኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በሚጣ ስልክ እልከዋለሁ፤ ዛሬውኑ ይደርስሻል። ታዲያ ደውለህ አትናገርም ወይ እንዳትዪኝ። በስልክ ሳወራሽ እኔ አንዱን ሳልጨርስ አንቺ ሦስተኛው ላይ ነሽ፤ ወረቀት ግን አታቋርጪውም። ደግሞም ይህን ነገር በአፌ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ።

እሁድ ሚጣ ደውላልኝ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቁርስ መብላት ከተውሽ ሦስት ሳምንት እንዳለፈሽ፣ የስኳር ክኒንሽን ግን በባዶ ሆድሽ እንደምትውጪ ነገረችኝ። ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጥምቆሽ አግኝታሻለች። ለአጎትሽ እንዳትነግሪው ብለሻት ኖሯል። ወዲያው ለባልሽ ለጋሼ ደውዬ በግድም ቢሆን ቁርስ እንዲያበላሽ ለመንኩት። ትናንት መልሶ ደወለና፣ ወንድሜ ራሱ ቀንሶ እንዲህ እያማረበት እኔን ለምን ይከለክለኛል ብላ አባረረችኝ አለኝ። እንግዲህ አንቺን የሚያስቆም አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም እውነቱን መናገር ነው።

ከመነሻው ላስረዳሽ። የምሠራበት ላውንደሪ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። የቆሸሸውን እየጫነ የሚያመጣልን ሾፌር አምና ሆዱ መሪውን ይነካ ነበር። ዘንድሮ ሸንቀጥ ብሎ፣ ቀበቶው ላይ አራት አዲስ ቀዳዳ አስበስቶ፣ የጠየቀውንም ያልጠየቀውንም ያስተምራል። ትምህርቱ ሁለት ነው። ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አለመንካት፤ ደግሞም ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ መብላት፣ የቀረውን አሥራ ስድስት ሰዓት ከውሃ በቀር አፍ አለመክፈት። እሱ አፉን የሚዘጋው ለምግብ ብቻ መሆኑን ልብ በዪልኝ።

እኔም ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ ነበርና ጀመርኩት። በሁለት ወር ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። በቪዲዮ ስታዪኝ ልጅነትህ ተመለሰ አልሽኝ፣ ጋሼንም ጠርተሽ አሳየሽው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሙያውን አስተማርኩሽ። ያን ቀን ያልኩሽን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ይህን ብትይዢ መድኃኒቱም ላያስፈልግሽ ይችላል አልኩሽ። እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አንሶላ አጣፊ ነኝ።

አሁን የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ትልቅ የምግብ ዕቃ አለው፤ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ለውዙን፣ ጎመኑን ጠቅጥቆበት ይዞራል። እኔ ከትምህርቱ የሰማሁት የተከለከለውን ብቻ ነው። እኛ ቤት እንዴት እንዳደግን ታውቂዋለሽ፤ ይቅርብኝ ያለ ጨዋ ይባላል፣ ራበኝ ያለ ስሙ ይጠፋል። አንቺም እኔም ሳህናችንን ወደ ሌላው እየገፋን ነው ምስጋና የለመድነው። ስለዚህ መተው እንጂ መተካት አልመጣልኝም። ስጋውን ተውኩ፣ እንቁላሉን ተውኩ፣ ወተቱን ተውኩ፣ ቁርሱን ተውኩ። የቀረኝ ሩዝ በቲማቲምና ዳቦ በሻይ ነበር። ሲያዞረኝ ደግሞ እየሠራልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። እኔ በወዲህ፣ አጣማሪዬ በወዲያ፣ ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘን እንወጥራለን፣ አንዴ እናራግፋለን፣ ከዚያ ወደ መሀል ተራምደን እኔ ጫፌን ለእሷ አስረክባለሁ። ሴትዮዋ በዕድሜ እናት ትሆነኛለች፤ ትእዛዝ ስለምታበዛ ኮማንደር እንላታለን። የሰው ፊት አይታ አታውቅም፣ ሰውን የምታውቀው በጨርቁ ውጥረት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ላላብኝ፣ ምን ነክቶሃል ስትለኝ፣ አንሶላው እርጥብ ስለሆነ ነው እያልኩ አሳለፍኩ። ከዛሬ አሥራ ሦስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዳችን ወደ መሀል ስንራመድ እሷ ደረሰች፣ እኔ አልደረስኩም።

ግንባሬን የማጠፊያው ጠረጴዛ ጠርዝ መትቶኝ ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ስነቃ ኮማንደር አንሶላውን ጠቅልላ ከጭንቅላቴ ሥር አድርጋዋለች። መጀመሪያ የሰማሁት ነገር፣ ላላ ብዬህ አልነበረም ወይ የሚል ቁጣ ነው፤ ቀና ብዬ ሳያት ግን እንባዋ ይወርዳል። አንሶላው ደም ስለነካው እንደገና ታጠበ። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ በተገናኘን ቁጥር ኮፍያ ያደረግሁት ለዚህ ነው። አንቺ ኮፍያ ይስማማሃል አልሽኝ፣ እኔም አመሰግናለሁ አልኩሽ።

የተሰፋሁበት ክሊኒክ ያለችው ነርስ በቀን የምበላውን ጠይቃ መጻፍ ጀመረች፤ ወረቀቷ ሩቡ እንኳ ሳይሞላ ጨረስኩባት። ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። ሰው ያለ ስጋና ያለ ወተት በደንብ መኖር ይችላል፤ በሰዓት ተወስኖ የሚበላም ብዙ ነው። ሁለቱን ያጣመረ ግን የቀኑን ሁሉ ምግብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማግኘት ስላለበት፣ ባወጣው ፈንታ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ለውዙን፣ ቅጠሉን ማስገባት አለበት። ቢ አሥራ ሁለት የሚሉት ቫይታሚን ደግሞ ከአትክልት ስለማይገኝ በክኒን ይወሰዳል። ደሜ ውስጥ ብረት አንሶ ተገኘ።

ልወጣ ስል፣ የስኳር ክኒን የምትወስድ እህት አለችኝ፣ ይህንኑ ብትሞክርስ ብዬ ጠየቅኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። አንዳንዱ የስኳር ክኒን ምግብ ይመጣል ብሎ ነው ስኳሩን የሚያወርደው፤ ምግቡ ባይመጣም ማውረዱን አይተውም፤ ሰው ራሱን ስቶ በዚያው ሊቀር ይችላል አለችኝ። ሐኪሟን ሳትጠይቅ አንዲት ቁርስ እንኳ እንዳትዘል ንገራት ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ይህን የሰማሁት የዚያኑ ዕለት ረቡዕ ነው። አልነገርኩሽም። መጀመርሽን አላውቅም ነበር፤ ልትጀምሪ እንደምትችዪ ግን አውቅ ነበር፤ የጠየቅኳትም ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሐሙስ ደረጃው ላይ የተንቀጠቀጥሽው። ለምን ዝም እንዳልኩ ከእሁድ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ለአንቺ ለመንገር ኮፍያዬን ማውለቅ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ልጅነትህ ተመለሰ ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። አፍሬአለሁ፣ ፈርቼማለሁ።

አሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦና የተቀቀለ ባቄላ በልቼ ነው የምወጣው። ስጋውን እንደተውኩት ነኝ፤ ሆዴን አቅልሎልኛል። ሁለት ኪሎ ተመልሶብኝ ሱሪዬ በክርክር ነው የሚቆለፈው። ኮማንደር በየጠዋቱ ምን በላህ ሳትል የአንሶላ ጫፍ አትሰጠኝም።

ከአንቺ የምፈልገው ይህን ነው። ነገ ጠዋት ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ቁርስሽን ብዪ። ከዚያ ጋሼን ይዘሽ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂና ስለ ሐሙሱ ምንም ሳትደብቂ ንገሪው። ስጋ ልተው የምትዪ ከሆነም እሱን ጠይቂው፤ ከእኔ የሰማሽውን ግን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ በልተሽ ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ሳምኩ በዪልኝ፤ ስለ ግንባሬ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፣ እኔ አልችልም። ጋሼን፣ አባረረችኝ ብለህ እንዳትቀየማት፣ ነገም ሞክር ብሎሃል በዪው። ለጎረቤቶቻችንም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ሚጣዬ፣ ይህን ጮክ ብለሽ እያነበብሽላት ከሆነ እዚህ ላይ ቀና በዪ። እናትሽ ሰባቂ ብላሽ ይሆናል። አይደለሽም። እናትሽ ደህና ነኝ አለች፣ እኔም ደህና ነኝ አልኩ፤ ደህና አይደለችም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ወንድምሽ
ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን