የእማዬ ድምፅ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት፤ አሁን ጭራሽ ጥላ ብቻ ሆኖባታል። ጆሮዋ ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም።

የሕገ መንግሥት ማሻሻያው እሁድ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ዜግነት የሌለው ሰው፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢኖር፣ ከእንግዲህ በሰፈር ምክር ቤት ምርጫ እንኳ አይመርጥም ነው የሚለው። እኛ ሰፈር ይሄ የሚነካው አንድ ሰው ነው፤ ግድግዳ የምትጋራንን ልብስ ሰፊ። ከሌላ አገር ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀሚስ ሊያስጠብብ፣ ዚፕ ሊያስቀይር የገባ ሁሉ «አይዞሽ፣ እኛ እያለን!» ሲላት ከረመ።

አንቺ አታውቂያትም፤ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋን አቁማ ለእማዬ ጋዜጣ ታነብላታለች። እኔ ከሥራ ስገባ እማዬ «መጣሽ?» ትለኛለች። እሷ ስትገባ «ልጄ መጣች» ትላለች። ይኸው ነው።

እሁድ እማዬን ደግፌ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰድኳት። ለማያይ ሰው ቤተሰብ ምልክት ቢያደርግለት ይፈቀዳል። መጋረጃው ውስጥ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «አይጽደቅ የሚለው ላይ አድርጊልኝ። የኔም ልጅ ሰው አገር በመኖሪያ ፈቃድ ነው ያለችው» አለችኝ። አንቺን ማለቷ ነው። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት፤ በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ቀጥዬ የራሴን ከተትኩ።

በማግስቱ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ጣቢያችን ትንሽ ነው፤ ይጽደቅ ስልሳ ሁለት፣ አይጽደቅ ባዶ። ያ ሁሉ «አይዞሽ» ባይ! የኔም ከስልሳ ሁለቱ መሆኑን አልደብቅሽም።

እማዬ «አይጽደቅ ስንት ወጣ?» አለችኝ። «አንድ» አልኳት። «እሱ የኔ ነዋ!» ብላ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ወረቀቱ የተለጠፈው ከሱቋ ፊት ለፊት ነው። እማዬ እጇን ይዛ፣ «አንዷ ድምፅ የኔ ናት፣ ሰማሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ብዙም አላየችኝ። «አይቻታለሁ እማማ፣ አንድ ናት» አለችና ጋዜጣውን ዘርግታ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

ስትደውዪ እማዬ ማውራቷ አይቀርም። አንቺም አንድ ነው በያት።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ያለሽበት አገር ከሰው ይቁጠርሽ።

ታናሽ እህትሽ