ካኔላ አልሰማ አለች

መጋቢት 3

ነፋስ። ትናንትም ነፋስ። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፣ የኦኖፍሬ ሸሚዝ አጥሩን ዘሎ ሄደ። እስካሁን አርጀንቲና ገብቶ ይሆናል... ያለ ፓስፖርት።

ማታ እንደ ልማዳችን ሬዲዮው ሥር ተቀምጠን የገጠር መልእክት ስናዳምጥ የልጃችን የኔሊዳ መልእክት ከፑንታ አሬናስ ከተማ መጣ። "ለአባቴ ለኦኖፍሬ ካርካሞ። ጥርሶችህ ተሠርተው አልቀዋል፣ መጥተህ ውሰድ።" አንባቢው "ጥርሶችህ" የምትለዋን ረገጥ አድርጎ ነበር ያነበባት። ኦኖፍሬ የማቴ ሻዩን አስቀመጠ።

"ሜዳው በሙሉ ሰማ እኮ!"

ሰማ እንጂ። ስልክ በሌለበት አገር ሚስጥር የሚላከው በሬዲዮ ነው። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ከሚስቱ ታረቀ... አሁን ደግሞ የኔ ሽማግሌ ጥርስ። ኔሊዳ መጨረሻ ላይ "ክፍላችሁን አዘጋጅቼ እየጠበቅሁ ነው" ትላለች፣ ሁልጊዜ። እሱን ሲያነቡ ኦኖፍሬ እንጨት ሊያመጣ ይወጣል። ሁልጊዜ።

መጋቢት 9

ከከተማ መጣ። መጀመሪያ ጥርሱ ገባ፣ ከኋላ እሱ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? የማውቀው አፍ እኮ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ከቺሎዌ ደሴት ይዞኝ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ። አሁን ግጥም ብሏል። የሹመት ፎቶ የሚነሳ ሰው መስሏል። "ምን ያስቅሻል?" ለማለት ፈልጎ ሌላ ነገር አለኝ። "ስ" የምትባለዋን ፊደል ከተማ ጥሏት መጥቷል።

ውሻችን ትሩዌኖ ጮኸበት፣ እንግዳ መስሎት። ስሙ ነጎድጓድ ማለት ነው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ግን ዶሮ ቤት ሥር ይገባል። አሮጊቷ ውሻችን ካኔላ ግን ቀርባ እጁን አሸተተችና እግሩ ሥር ተኛች። አሮጊት አትሳሳትም።

ሥጋ ሲቀርብ ጥርሱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። "ይሄ ለሰው ዓይን ነው እንጂ ለመብላት አይደለም" ይላል። ያንን ሁሉ መንገድ የሄደው ታዲያ...

መጋቢት 20

ኦኖፍሬና ውሾቹ በጎቹን ከላይኛው ግጦሽ ማውረድ ጀምረዋል። በረዶ ሳይቀድማቸው።

ኦኖፍሬ መሽቶ ገባ። ሾርባ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ሁለተኛ ሰጠሁት።

"ካኔላ አልሰማ አለች።"

"እንዴት አልሰማ አለች?"

"አፏጨሁላት፣ ግራ ሂጂ ብዬ። ቆማ አየችኝ። ደገምኩ። ቆማ አየችኝ። በጎቹ ወንዝ ገቡ።"

"ነፋሱ ይሆናላ።"

"ነፋስ ውስጥ ነው የኖረችው፣ አንቺ ሴትዮ።"

"ትሩዌኖስ?"

"እሱ ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል?"

እውነቱን ነው። ትሩዌኖ ካኔላን አይቶ ነው የሚሮጠው። እሷ ከቆመች ይቆማል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ሥራ የሠራ ይመስለዋል።

"ጆሮዋ ሄዷል" አለ ኦኖፍሬ፣ ወጥቶም አጠገቧ ተቀመጠ። ብርድ ነበር። የሱፍ ካባውን፣ ፖንቾውን፣ ይዤለት ወጣሁ። ለካ እሷም ታረጃለች... አስቤው አላውቅም።

መጋቢት 25

የበግ እርባታው አለቃ ባሃሞንዴ መጣ፣ ለውሾቹ የኮሶ መድኃኒት ሊሰጥ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው። እኔ ሊጥ እያቦካሁ በመስኮት እሰማለሁ።

"ዶን ኦኖፍሬ፣ ይቺ አሮጊት አሁንም ትሠራለች?"

እኔን መሰለኝ።

"ትሠራለች እንጂ! አሁን የምትበላውን ዳቦ ማን ይጋግረው መሰለህ?" አልኩት ጭንቅላቴን አውጥቼ። ቲማቲም መሰለ። "አይ ዶኛ ኤደልሚራ፣ እኔ እኮ... ውሻዋን..."

ኦኖፍሬ መዋሸት አይችልበትም። "ጆሮዋ አልሰማ ብሏል" አለው። አለቃው ባርኔጣውን አዟዟረ። የእርባታው ደንብ ነው፦ ሙክት ታርዶ የሚሰጠው ለሚሠራ ውሻ ነው። የማይሠራ በረዶውን እዚህ አያሳልፍም። በምትኳ ቡችላ ይመጣል። አዝናለሁ አለ፣ ማዘኑም እውነት ነበር። ዳቦ ግን በልቶ ሄደ።

መጋቢት 29

እዚህ ማንም በራሱ ውሻ ላይ አይተኩስም። ጎረቤት ነው የሚጠራው። ጎረቤት መጥቶ ምሳ ይበላል፣ ተነሥቶ ከቤቱ ጀርባ ይሄዳል፣ ከዚያ ሰላም ሳይል ፈረሱ ላይ ይወጣል። ብድሩም አለ፣ የሱ ተራ ሲደርስ አንተ ትሄዳለህ። የጎረቤታችን የሴጉንዶ ኦያርሶ ጥቁር ውሻ ጊዜ ኦኖፍሬ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሳምንት አላፏጨም።

በአለቃው እጅ መልእክት ልኮ ኖሯል። ለኔ ሳይነግረኝ! ዛሬ ማታ በሬዲዮ ሰማሁት፦ "ለሴጉንዶ ኦያርሶ። በሚመጣው እሑድ ለምሳ ና። የምታውቀውን ይዘህ ና።"

ከእሳቱ ላይ ድስቱን አወረድኩ። ከዚያ መልሼ ጣድኩት። ለምን እንዳወረድኩት እንጃ።

ሚያዝያ 2

ሜዳው በሙሉ ገብቶታል። ዛሬ ሬዲዮው የኛን ቤት ለቅሶ ሲያነብ አመሸ።

"ለዶኛ ኤደልሚራ፣ ሰምተናል፣ አይዞሽ። ከወንዙ ማዶ።" "ለካርካሞ ቤት፦ ካኔላ በዚያ ክፉ በረዶ በጎቻችንን አውጥታልናለች፣ አንረሳትም።" አንዷ ደግሞ ቸኩላ "ነፍስ ይማር" ብላ ላከች። ካኔላ በሩ ላይ ተጋድማ ስሟ በተጠራ ቁጥር ጅራቷን መሬት ላይ ትመታለች።

ቆይ... ስሟ በተጠራ ቁጥር?

ሚያዝያ 4

ሞከርኳት። ካኔላ ከቤቱ ጀርባ ተኝታ ሳለ የሥጋውን ቢላዋ ከመሳቢያ ቀስ ብዬ አወጣሁ። ሌባ እንኳ እንደዚያ አያወጣም። ሳልዞር በሩ ላይ ቆማለች።

ሮጬ ለኦኖፍሬ ነገርኩት።

"ቢላዋውን የሰማው ሆዷ ነው።"

"ሆድ ጆሮ አለው እንዴ?"

"አሮጊቴ፣ ተይኝ። ፉጨቴን አትሰማም። ስታየኝ ምን እንደምትመስል ብታይ... የማታውቀኝ ነው የምትመስለው።" ጥርሱን አስተካከለና ወጣ።

አለቀስኩ ዛሬ። "ሽንኩርት ነው" አልኩት። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ካለቀ ሰንብቷል።

ሚያዝያ 5

እንዴት ብዬ ልጻፈው? እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ሴጉንዶ መጣ። ጠመንጃውን ብርድ ልብስ ጠቅልሎት ግድግዳው ላይ አስደገፈው፣ ሕፃን ያስተኛ ይመስል። ጠቦቱ ደጅ ተጠብሷል። ኦኖፍሬ ጥርሱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፣ እየበላ መሆኑ ነው፣ ግን ቁራሹን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ያዘዋውራል እንጂ አይውጠውም። ካኔላ ደጅ ከወደቀው አሮጌ የመኪና ጎማ አጠገብ ፀሐይ ትሞቃለች። እሷን ላለማየት ሦስታችንም ሰማዩን እናያለን።

የሴጉንዶ ፈረስ ልጓሙን ፈትቶ ወደ ድንች መደቤ ገባ። ኦኖፍሬ ሳያስበው አፏጨ። እሱ በጣት አያፏጭም፣ እጁ ሁልጊዜ ልጓም ላይ ነው፤ በዚያ በፊት ጥርሱ ክፍተት ነው።

ካኔላ ተወነጨፈች!

በግራ ዞረች፣ ፈረሱን ከድንቹ መለሰችው፣ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ምን ገዷት፣ ዶሮዎቹን ሁሉ ሰብስባ እየነዳች ኩሽናዬ ውስጥ ከተተቻቸው። ትሩዌኖ ከኋላዋ፣ ጅራቱን እየቆላ። አውራ ዶሮው ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ሴጉንዶ ወደ ኦኖፍሬ ዞረ፦ "ደንቆሮ ያልከው የትኛዋን ነው?"

ኦኖፍሬ ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ አየው። አጠለቀው። አፏጨ። ፍሽሽ... ሊፈላ የደረሰ ማንቆርቆሪያ። ካኔላ ቆማ አየችው፣ በሐዘኔታ። አወለቀው። አፏጨ። ሄደች። አጠለቀው። ፍሽሽ። ቆመች።

ሴጉንዶ ሣር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ካርካሞ! ውሻዋ ደህና ናት! አንተ ነህ ይሄን ሁሉ ቀን በባዕድ ቋንቋ ስታናግራት የከረምከው!"

"ጠመንጃውን ካመጣኸው አይቀር እሱን በለው" አልኩት።

ኦኖፍሬ ግን አልሳቀም። ተንበርክኮ የካኔላን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ይቅርታ ሲላት ሰማሁት፣ "ስ" የሚባል ፊደል በሌለበት አፍ።

ሚያዝያ 6

ጥርሱ መስታወቱ ሥር ብርጭቆ ውስጥ ነው። ለሠርግና ለፎቶ ብቻ ያጠልቀዋል። ሌሊቱን ይስቅብኛል።

ሚያዝያ 19

ደስታችን ትንሽ ቸኩሏል።

ትሰማለች። ግራ ሲላት ግራ፣ ቀኝ ሲላት ቀኝ። ግን ዛሬ መሃል ላይ ተኛች። የኋላ እግሯ እምቢ አለ። ኦኖፍሬ ኮርቻው ላይ አስቀምጦ አመጣት። ትሩዌኖም እየሮጠ ቀና ብሎ ያያታል፣ ከላይ ሆና ትእዛዝ የምትሰጠው ይመስል።

ነገም ይዟት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ፖንቾውን ለሷ ሲያጥፍ አይቼዋለሁ።

ጆሮዋ ስለተገኘ ሁሉ ነገር የተገኘ መስሎን ነበር። እርጅና ለካ አንድ በር ሲዘጋበት በሌላው ይገባል።

ሚያዝያ 24

ሬዲዮው፦ "ዶን ኦኖፍሬ ካርካሞ ከእጮኛው ጋር በፈረስ ሲንሸራሸር ታይቷል። ለዶኛ ኤደልሚራ መጽናናትን እንመኛለን።" ሴጉንዶ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል?

ግንቦት 2

አለቃው መጣ። በካርቶን ውስጥ ቡችላ ይዟል፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ።

ኦኖፍሬ ከግጦሽ ሲመለስ ደረሰበት። ካኔላ ከፊቱ፣ በፖንቾ ተጠቅልላ። ባሃሞንዴ ሳቁን ዋጠ።

"ዶን ኦኖፍሬ... ፈረስ ላይ ያለ ውሻ ተሳፋሪ ነው እኮ።"

"ትሩዌኖን እያስተማረችው ነው።"

"አይቻለሁ። ግን ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። የማይሠራ መሄድ አለበት፣ እባክዎ አያስቸግሩኝ።"

ኦኖፍሬ ከፈረሱ ወረደ። ቀስ ብሎ፣ አጥሩን ይዞ። ካኔላን አወረደ። ነፋሱ ጋብ እስኪል የጠበቀ መሰለኝ።

"እሺ" አለ። "እንሄዳለን።"

"እነማን?"

"እኔና እሷ።"

እጄ ሊጥ እንደያዘ ወጣሁ። "እኔስ? እኔ ከምድጃው ጋር ለሚመጣው እረኛ ልተው ነው?"

"አንቺማ፣ ኔሊዳ ክፍል አዘጋጅታለች አይደል?"

ለካ ሲሰማው ኖሯል! እንጨት አመጣለሁ ብሎ ደጅ ቆሞ!

አለቃው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንን አየ፣ ሳቁን ተወ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

አላናገርኩትም ማታ። ስንት ዓመት ለመንኩት? ኔሊዳ ስትወልድ ለመንኩት። ወገቤ ቆልፎ አልጋ ስይዝ ለመንኩት። "በጎቹስ?" ይለኛል። ለኔ ያልሆነ ለውሻ ሆነ። ተናድጃለሁ። ደስ ብሎኛልም። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምይዛቸው አላውቅም። እሱ ደግሞ እንዳላናገርኩት እንኳ ሳያውቅ ተኛ።

ግንቦት 20

ሄድን። ትሩዌኖን ለአዲሱ እረኛ ተውንለት፣ ከቡችላዋ ጋር። መኪናው ሲነሣ እስከ በሩ ተከተለን፣ ከዚያ ቡችላዋ ስትወድቅ አይቶ ተመለሰላት። አሁን እሷ ናት እሱን አይታ የምትሮጠው። ቤቱን ሳይ አልቅሼ ነበር። ያንን ቤት ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ!

ሰኔ 11

ፑንታ አሬናስ። ነፋሱ ያው ነው፣ ልብሱ ግን ጎረቤት ግቢ ነው የሚወድቀው።

ካኔላ ቤት ውስጥ ታድራለች፣ ምድጃው ሥር። መጀመሪያ ደጃፉን አልሻገርም ብላ አስቸገረች። በዕድሜዋ ገብታ አታውቅማ። ኦኖፍሬም ቢሆን ወንበር ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሊነሣ እንዳለ ሰው።

ትናንት ሦስታችን ወደ ባሕሩ ወርደን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ካኔላ ቆመች። ኦኖፍሬ ቆመ። እኔም ቆምኩ። የማናውቀው ሰው አጥር ግንብ ላይ ተቀመጥን።

"ኤደልሚራ።"

"አቤት።"

"የሷ እግር ብቻ አልነበረም።"

ዞሬ አየሁት።

"ከፈረስ ስወርድ... አጥር ከሌለ አልወርድም ነበር። ከካቻምና ጀምሮ። እንዴት ብዬ ልናገር? ለዚያ ልጅ? ለሴጉንዶ? በሬዲዮ?"

አውቅ ነበር። ያ መስኮት ፊት ለፊት ስንት ዓመት ሊጥ አቡክቻለሁ፣ ምን ያመልጠኛል? ግን አውቃለሁ ብለው ያፍራል። "ብርድ ነው፣ እንነሣ" አልኩት።

ዛሬ ባለሱቋ ጠየቀችን። "ከገጠር ምን አመጣችሁ?" ኦኖፍሬ አንገቱን ደፋ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ውሻችን አረጀች" አልኩ። "እግሯ እምቢ ቢላት እሷን ብለን መጣን።"

"ለውሻ ብላችሁ?" ብላ ሳቀች። ትሳቅ።

ኦኖፍሬ ዘንቢሉን ከእጄ ወሰደ። ዳገቱን ሦስታችንም ቀስ እያልን ወጣን፣ ማንም ማንንም አልቀደመም።