አባዬ፣ የቆጮ ቤቱን ለተካልኝ ሰጡት

ውድ አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው በሠልስትህ ዕለት ነው። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፤ እኔ ለለቀስተኛው ውሃ አዞር ነበር። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ሙርጋ የቆጮ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና በሰው ሁሉ ፊት ተካልኝ መዳፍ ላይ አኖሩት። «በል እንግዲህ፣ የአባትህን ሥራ ያዝ» አሉት። ወንድሜ ከመርካቶ ለቀብርህ መምጣቱ ነበር። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው አንዱ ለቀስተኛ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ፤ ቀዳሁለት።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። ይህን የምጽፍልህ ከቡታጅራ ነው። አዎ፣ ከወልቂጤ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

በእኛ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ መፋቁና ማብላላቱ የሴት ነው። ወንድ እጁን ቆጮ ውስጥ ከከተተ መሳቂያ ይሆናል። አንተ ግን ከተትህ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ «ጉድጓዱን ትተን ክዳን ባለው በርሜል እናብላላው» ያልኩህ ቀን እጅጌህን ሰብስበህ ከሚሠሩልን ሴቶች መሃል ገባህ። ከዚያ ወዲያ በርሜል በተከፈተ ቁጥር በጭብጥህ ዘግነህ ትጨምቅ፣ ታሸት ነበር። የሠፈሩ ወንዶች «ሰውዬው ሴት ሆኑ» ሲሉ «ከሆንኩማ አትራፊ ሴት ነው የምሆነው» ብለህ ትስቅባቸው ነበር።

የመጀመሪያው በርሜል መበስበሱ ትዝ ይልሃል? እኔ ማልቀስ ብቻ ቀረኝ። አንተ አካፋ አምጥተህ ከእንሰቶቹ ሥር በተንከውና «ትምህርትሽን እንሰቶቹም ይቅመሱት» አልክ። ሴቶቹ ከሳቁ በኋላ አንዷ ክዳኑ አየር ያስገባ እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተበላሸ ነገር የሚደብቅ ሰው እኛ ቤት አልነበረም። ክፍል ውስጥ ስለ አመራር ብዙ ተምሬአለሁ፤ ያቺን አካፋ የሚያህል ግን አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገርህ። ከአርባህ በኋላ ቤተሰቡን ሰብስቤ ሥራው ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። በርሜሉን ማን እንዳመጣው፣ የአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶችን ማን በእግሩ ዞሮ ደንበኛ እንዳደረጋቸው ተናገርኩ። ጋሼ ሙርጋ እስክጨርስ ታገሡኝና «አባትሽ አንድ ቀን እንኳን ሥራውን የምትመራው እሷ ናት ሲል የሰማ አለ? ትረዳኛለች ነበር የሚለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ናት፣ ትረዳኛለች» ትል ነበር፤ እኔም ፈገግ እል ነበር።

አባዬ፣ እጅህን በርሜል ውስጥ ለመክተት ያልፈራህ ሰው፣ «የምትመራው እሷ ናት» የምትለዋን አንዲት ቃል ለመናገር ምን አስፈራህ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዳንዴ ወንዶቹ ከሚስቁብህ በላይ እንዳይስቁ ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ጊዜ ያለህ መስሎህ ይሆናል። የትኛውም አያሳርፈኝም።

ተካልኝ ከሴቶቹ መሃል መግባት ነውር ሆነበት፤ ስለዚህ ካሜራ አስገጠመ። ለመጣው ሁሉ ስልኩን እያሳየ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፤ መርካቶ ተቀምጬ ወልቂጤን አያለሁ» ይላል። ካሜራው ምን አደረገኝ፤ እኔም አዲስ ነገር ወዳጅ ነኝ። ግን ሽታ በስልክ አይመጣም። በርሜል ተበላሸ ብላ የነገረችውን ሴት ከደመወዟ ቆረጠባት። «የሷ ጥፋት አይደለም፣ እንዲህ ካደረግህ ነገ የሚነግርህ አታገኝም» አልኩት። «አንቺ እዚህ ቤት ምንድን ነሽ?» አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ቡታጅራ የገባሁት በማግስቱ ነው።

መስቀል ሲቃረብ ትእዛዝ ጎረፈ። ተካልኝ ያልደረሱትን በርሜሎች በስልክ አስከፈተ። ሴቶቹ ቆጮው አለመብላላቱን ያውቁ ነበር፤ ያቺ ሴት ከደመወዟ ከተቆረጠባት በኋላ ግን የሚናገር አልተገኘም። የተጫነው ቆጮ ከአዲስ አበባ እንዳለ ተመለሰ። ደንበኞቹም በዚያው ቀሩ። ወሬው ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ቀኑን ሙሉ ስቆም ስቀመጥ ዋልኩ።

እኔ እዚህ የእትዬ ከድጃን ጓሮ ተከራይቼ በጥቂት በርሜሎች ጀምሬአለሁ። እትዬ ከድጃ የገበያ ነጋዴ ናቸው፤ ቆጮዬንና ቡላዬን ይሸጡልኛል፣ ይቆጡኛልም። «ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ባል ቢመጣልሽም ክዳን ልትገጥሚበት ነው» ይሉኛል። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሴቶች ሲሳሳቱ እየሮጡ ይነግሩኛል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ቂሜ አያስክደኝም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሙርጋ መጡ። ስለ ሙት ዓመትህ ዝግጅት አወሩና ሻያቸውን ሲጨርሱ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ተመለሽና ሥራውን አስተካክዪ። ስሙ የተካልኝ ይሁን፤ ወንድ ልጅ አይዋረድ። ውስጥ ውስጡን አንቺ ትመሪያለሽ» አሉኝ። ጥሩ ደመወዝም አስበውልኛል። ሽማግሌ ናቸው፣ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መልሴን የሰጠኋቸው ሚኒባሱ በር ላይ ነው፤ አኩርፈው ሄዱ። ለአንተም እደግመዋለሁ።

ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ። ውሃ አላዞርም፤ እንደ ልጅህ ተቀምጬ አለቅስልሃለሁ። እጅጌህን ሰብስበህ የገባኸውንም፣ ሳትናገረው የቀረኸውንም፣ ሁለቱንም ሳላጎድል በልቤ እይዛለሁ። እኔ እየመራሁ ሌላ ሰው መሪ የሚባልበትን ቤት ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ የአንተ ቤት ቢሆንም እንኳን።

ልጅህ ንግሥት