ስለ ደገፋ ጉብታ እና ስለ መኪናዎ አራት ጠባይ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሙሉሰው
የመንገድ ፍሰት ማሳለጫ ዴስክ ኃላፊ፣ እንዲሁም የእድራችን አዲስ አባልና የሰፈራችን ጌጥ
ሀና ማርያም

ጉዳዩ፦ የደገፋን ጉብታ በአራት ቀን ውስጥ ስላስነሱልን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጅዎ፣ ወላጅ እናትዎ፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ ለይቼ የማላያት ነጭ መኪናዎ እንደምን አሉ? እኛ ከቁልቁለቱ በታች የምንኖር ጎረቤቶችዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እስከ ጀመርኩበት እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ሁላችንም ደኅና ነን። ከዚያ ወዲህ ያለውን ገና መጥቶ የነገረኝ ሰው የለም።

ስሜ ሚሳኤል ደምሰው ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከተማሪው በስተቀኝ ተቀምጬ፣ ለአስተማሪ ተብሎ በተገጠመው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሬን አሳርፌ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሚቀበር፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ መኪናም ስለ ሞትም ብጽፍልዎ ከሙያዬ አልወጣሁምና አይቆጡኝ።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ በግንቦት ወር ወደ ሰፈራችን ገብተው የእድሩን ቅጽ በሞሉ ዕለት፣ እኔንና የዕቃ ቤት ኃላፊያችንን ወይዘሮ ሸዋረገድን በመኪናዎ አሳፍረው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወስደው መልሰውናል። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መሆኗን፣ ኢኮ፣ ኖርማል፣ ኮምፎርትና ስፖርት የሚባሉ አራት ሞዶች እንዳሏት፣ ከመሪው ላይ በአውራ ጣት ብቻ እንደሚመረጡ በትዕግሥት አስረድተውናል። ስፖርት ፓኬጅ የሚባለውንም ወርደን እንድናይ ጋበዙን፤ ሆዷ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ በጎንና በጎኗ ቀሚስ የለበሰች፣ ከኋላዋ ክንፍ ያወጣች፣ ፍሬኗ ቀይ የተቀባ። ፍሬን ቀይ መቀባቱ ምን ይጠቅማል ብዬ ብጠይቅዎ ያምራል አሉኝ፤ እውነትም ያምራል። ከዚያ ስፖርቱን ሲጫኑት የፊቱ ሰሌዳ ደም መሰለ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሳበን፣ ድምፅ የሚባል ግን አልነበረም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ስትወርድ ነፍሴን ደጀ ሰላሙ ጋ ጥያት መጥቻለሁ፣ መልሱኝና ላንሣት አለች። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን።

በእኔ ዘመን መኪና አንድ ጠባይ ብቻ ነበራት፤ ክፉ ከሆነች ክፉ ናት፣ ሹፌሩም መኪናዋ ናት ብሎ ያመካኝ ነበር። ዛሬ ግን ተመስገን፣ ጠባይ በአውራ ጣት የሚመረጥ ሆኗል፤ ማመካኛው ቀርቷል። ይህ እድገት ነውና ደስ ብሎኛል።

አዲስ ሰው ስለሆኑ የጉብታውን ነገር ልንገርዎ። ደገፋ ጓደኛዬ ነበር። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ከአባቱ ጀምሮ በዚያ ቁልቁለት ላይ ገብስ ይዘራ ነበር። መንገዱ ሲመጣ ማሳው ለሁለት ተከፈለ፤ ቤቱ ወዲህ፣ የላሞቹ በረት ወዲያ ሆነ። እሱም አባቱ ይሄዱበት በነበረው መስመር ጠዋትና ማታ መሻገሩን አልተወም። የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ የወተቱን ባልዲ እንደያዘ አገኘው። ሰዉ ደገፋ መንገድ ሲያቋርጥ ሞተ ይላል፤ እኔ ግን ማን ማንን እንዳቋረጠ አውቃለሁ።

በሰልስቱ ቀን ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ከሸራው ማዶ መኪኖቹ ሽው ሽው እያሉ ሲወርዱ እንሰማ ነበር። ወዲያው አንድ ሰው ተነሣ፤ ቀድሞ የተነሣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አንስማማም። ጋቢ የለበሰ ጋቢውን፣ ኮት የለበሰ ኮቱን እያስቀመጠ ወጣ። ከኮብልስቶን ሥራ ተርፎ የተከመረውን ድንጋይ ተሸክመን፣ ደገፋ በወደቀበት ቦታ ላይ በሲሚንቶ አያይዘን ጉብታ ሠራን። ፈቃድ አልጠየቅንም። ይህ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም በቃለ ጉባኤ የሰፈረው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ቃለ ጉባኤው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀባሪ ከመሆን ከልካይ መሆን ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ የታክሲ ረዳቶች ቦታውን ደገፋ ማለት ጀመሩ፤ ተሳፋሪውም ደገፋ ላይ ወራጅ አለ ይላል። ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ ምክንያት ድንኳን አልተከልንም። የእድር ጸሐፊ ብዕሩ ሲደርቅበት ደስ እንደሚለው እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ዴስክዎም እንደ መኪናዎ ሞድ ያለው መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ጉብታው ቀለም እንዲቀባና ምልክት እንዲቆምለት ያስገባነው ማመልከቻ አሥራ ሰባት ወር ኢኮ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ሰኞ ተመለሱ እየተባልን በዴስክዎ ደጅ አረጀን። በመስከረም ግን የነጯ መኪናዎ ሆድ ጉብታው ላይ ተፈገፈገ። ያን ዕለት ወርደው ከሥሯ ተንበርክከው ሲያዩ፣ ለጸሎት መስሎኝ ከሩቅ ባርኔጣዬን አውልቄ ጠብቄዎታለሁ። በአራተኛው ቀን ሎደር መጣ። እሰይ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው!

ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎ ጉብታው ደረጃውን ያልጠበቀ ነው ይላል፤ ልክ ነዎት። እኛም ለካነው፤ ከደረጃው በሦስት ጣት ይበልጣል። ሦስቱን ጣት በመሮ ጠርበን እናውርደው ብለን በጽሑፍ ለምነን ነበር። ሦስት ጣት ረዘመ ተብሎ እጅ ከትከሻው ሲቆረጥ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ሦስተኛ፣ ሎደሩን እሑድ መስከረም 25 ከቅዳሴ መልስ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ የደገፋ ሚስት ገዲሴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ደርሳ ማየት ችላለች። ሎደሩ ሥራውን እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችና አንድ ድንጋይ አንሥታ በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደች። አሁን ድንጋዩ ደጃፏ ላይ ነው። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን አዞራለሁ፤ እርስዎም በዚያ በኩል ካለፉ እንዲያዞሩ እመክርዎታለሁ።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። እሑድ እሑድ ወላጅ እናትዎን ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሱ መኪናዋን ኮምፎርት ላይ ያደርጓታል፤ ያኔ እንቁላል እንደተሸከመች ሴት ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ሕፃናት እንኳ ጎን ለጎኗ ይሄዳሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዎን ሲወጡ ግን ስፖርቱን ይጫናሉ። ድምፅ ስለሌላት ስትመጣ አንሰማትም፤ መምጣቷን የምናውቀው ካለፈች በኋላ ልብሳችንን በሚያርገበግበው ነፋስ ነው። ገልባጩ መኪና ቢያንስ እየጮኸ ነበር የመጣው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መኪናዋ ዝግ ማለት አትችልም እንዳንል በየእሑዱ እናያታለን። ትችላለች። ታውቃለች። እናትዎ እናት ስለሆኑ ነው፤ እኛስ የማን ምን ነን?

ጉብታው ከተነሣ ወዲህ በሰፈሩ የማያቸው ነገሮች አላማሩኝም፤ ቁጥር የምሰጣቸው አይደሉምና እንዲሁ ልንገርዎ። ባለ ሱቁ ከድር ከሱቁ ፊት የነበረውን አግዳሚ ወንበር ወደ ውስጥ አስገባ፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው ፀሐይ በዛ አለኝ፣ ወንበሩ ግን ድሮም ጥላ ውስጥ ነበር። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች የድንኳኑን ብረት ወደ ጓዳ መመለስ ትተው በር ላይ ደርድረውታል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የእድሩን ትልልቅ ድስቶች እያወጣች ታጥባለች። የሞተ የለም፣ የታመመም የለም። ማን ሞቶብሽ ነው ብላት፣ እንዲያው ነው፣ ዝም ብለህ ሂድ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ፤ እንዲያው የሚባል ነገር የላትም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ።

ይህን ማስፈራሪያ ነው የሚልዎ ሰው ቢመጣ አይስሙት፤ የሚያስፈራራ ሰው ስሙን ከነአባቱ ጽፎ አይፈርምም። የሚፈራው ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ ግን ቀባሪው ራሴ ነኝና፣ መርዶ ሳይመጣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ ነው።

የምንለምነው ጉብታው ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ እንዲመለስልን ብቻ ነው። ድንጋዩንም ጉልበቱንም እኛው እናቀርባለን፤ ገዲሴም የወሰደችውን ድንጋይ ለዚህ ከሆነ እመልሳለሁ ብላለች። ፋይሉ ከኢኮ እስኪወጣ ድረስ ግን ቦታው ባዶ መሆን ስለሌለበት፣ ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ጥቁር ጃንጥላዬን ይዤ ደገፋ በወደቀበት ላይ እቆማለሁ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ነው፤ ከደረጃ በላይ ከሆንኩ በደብዳቤ ይገለጽልኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሌላው ነዳ፣ እኔ ፍሬን ያዝኩ። አሁንም እግሬ ይረግጣል፤ ከሥሩ ያለው ግን አስፋልት ብቻ ነው።

አውራ ጣትዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ፣ ከጣትዎ በታች ያለነውንም እሱው እንዲጠብቀን እየለመንኩ፣ ከመንገዱ መሐል በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሚሳኤል ደምሰው
የእድሩ ጸሐፊ፣ ለጊዜው ደግሞ ጉብታ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዕቃ ቤት
ለወይዘሮ ገዲሴ
ለደገፋ፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ረስቼ ነበር። በእድራችን ደንብ መሠረት አዲስ አባል ለቤተሰቡ አገልግሎት የሚያገኘው ስድስት ወር ከጠበቀ በኋላ ነው፤ የእርስዎ ስድስት ወር ባለፈው እሑድ ስለ ሞላ እንኳን ደስ አለዎ። በቅጹ ላይ ባለቤትዎን፣ ወላጅ እናትዎንና የስምንት ዓመት ሴት ልጅዎን ማርቲን አስመዝግበዋል።

ሌላው ስለ ማርቲ ነው። እርስዎ ከእናቷ ጋር በመኪና ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድ ይመስልዎታል። የእናቷ የሥራ ሰዓት ከተቀየረ ወዲህ ግን እናቷ ማልደው ይወጣሉ፤ ልጅቷም ከልጅ ልጄ ከናፍቆት ጋር በእግሯ ትሄዳለች፣ አባዬ ይቆጣልና እንዳትነግረው ብላ ለምናኛለች። የምታቋርጠው ደገፋ ላይ ነው፤ ሰዓቷ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ነው፤ በእርስዎና በእሷ መካከል ያለው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ትናንት ሰኞ የጫማዋ ክር መሐል መንገድ ላይ ተፈትቶባት፣ ጎንበስ ብላ እስክታስር ከአምስቱ ደቂቃ አራቱን ጨርሰናቸው ነበር። ሳሻግራት እጇን በግራ እጄ ጥብቅ አድርጌ ነው የምይዛት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ አመሰግናለሁ አባባ ሳትል አትሄድም።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስላለብኝ በቦታዬ አልገኝም። ናፍቆትን ቤት አስቀራታለሁ። የእርስዎን ልጅ ለማስቀረት ግን ሥልጣን የለኝም።