የአሥራ ሁለቱ በሮች ተራ

ሰኞ፣ ግንቦት 1 ቀን 2003

ሙቀቱ ገባ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ልምምድ እኔ ክፍል፣ በር ከፍተን... እኔ ኪቦርድ፣ ኒዛር ድራም፣ ጋሼ ጀንበሬ ኮንትራባስ።

አዲሱ ድርሰቴ አልገፋ አለ። ሕጉ ቀላል ነው፦ አሥራ ሁለቱም ኖታዎች እኔ ባወጣሁት ተራ ይመጣሉ፤ አንዱ ከተመታ ሌሎቹ ሁሉ ሳይዳረሱ አይመለስም። ሶሎውም ከዚያው ተራ ነው። ጋሼ ጀንበሬ ግን ኖታ አያነቡም። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ሾልኮ ትዝታ ቅኝት ውስጥ ይገባል።

«ምን ላድርገው ጥቤ፣ የለመደው ቤት ነው።»

ሳቅሁ። ውስጤ ግን አረረ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ በምንጫወትበት ሆቴል ውስጥ እናቀርበዋለን ብዬ አፌን ከፍቻለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 3

መላ ተገኘ! ግቢያችን አሥራ ሁለት በር አለው አይደል? ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ በር ሰጠሁት፣ ደስ እንዳለኝ እያዘለልሁ። አንደኛ ልብስ ሰፊው ጉዲና። ሁለተኛ ናዒማ፣ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው። ሦስተኛ አቶ በዕውቀቱ። አራተኛ ወደብ የሚሠራው አቡዘር። አምስተኛ ራሳቸው ጋሼ ጀንበሬ። እንዲህ እያለ... አሥራ አንደኛ ሩዋይዳ፣ አሥራ ሁለተኛ እኔ።

«አንዴ ያንኳኩትን በር ሁሉም ሳይዳረስ አይመለሱበትም» አልኋቸው።

ሦስት ጊዜ ሳይሳሳቱ ተጫወቱት። ኒዛር ዱላዎቹን ጥሎ አጨበጨበ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ሐሙስ አማረልን። ዛሬ ጉዲና ስፌት መኪናውን ጭኖ አገር ቤት፣ ድሬዳዋ ገባ፣ ጠቅልሎ። ግቢው ያለ መኪናው ድምፅ ጭር አለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 22

ናዒማ ከከተማው ዳር፣ ሃያብለ ቤት ሠርታ ወጣች። እሰይ።

ዓርብ፣ ሰኔ 3

አቶ በዕውቀቱ አረፉ። በእንቅልፋቸው።

ከቀብር ስመለስ ግቢው መሐል ቆምሁ። ጉዲና፣ ናዒማ፣ በዕውቀቱ... አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በተራ። ሞኝነት ነው። ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይሞታል። ግን ቀና ብዬ የአቡዘርን በር አየሁ፤ አራተኛው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 12

አቡዘር ክፍሉ ገብቶ ከዘጋ ስድስት ቀኑ። ወደብም አልታየም። አከራያችን በትርፍ ቁልፍ ከፈቱት። አልጋው ተነጥፏል። ሻዩ ከብርጭቆው ተጋምሶ፣ ጫማው በር ሥር። በየትኛው እግሩ ሄደ?

ኒዛር፦ «ወላሂ ሁለተኛ ይህን ነገር አልመታም።»

ጋሼ ጀንበሬ ጢማቸውን እያሻሹ፦ «እንግዲህ ተረኛው እኔ ነኛ!» ቀልድ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አሁን ባሉባት ክፍል ነው የተወለዱት፤ አባታቸው ከአገር ቤት በባቡር ሥራ መጥተው የተከራዩአት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሙዚቃውንም ሰው መሆንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እፈራለሁ። እሳቸውን ካጣሁ ማን አለኝ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 16

ከፈረንሳይኛው የሙዚቃ መጽሐፌ አገኘሁት፦ ተራው ከኋላ ወደ ፊት ቢሄድም ያው ሕግ ነው። ያኔ አምስተኛው ሩቅ ይሆናል። የመጀመሪያው የእኔ በር... ይሁን። አስቤበታለሁ። ይሁን።

ኒዛርን ለምኜ አመጣሁት። ለጋሼ ጀንበሬ መድረክ ላይ ነው የነገርኋቸው። ከእኔ በር ጀምረው እስከ ጉዲና አንድ ሳይስቱ ወረዱ። አንድም ቀን ሳይለማመዱ። ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 21

ቁልፌ በሬ ውስጥ አልዞር አለ። ትናንት ይዞር ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 22

አከራያችን፦ «የእኔ ልጅ፣ ቅር አይበልሽ፣ ክፍሏን ለወንድሜ ልጅ ፈልጌያታለሁ።» ቅር አላለኝም። እንዲያውም ቀለለኝ... የምወጣው እኔ ከሆንሁ እሳቸው ይቀራሉ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 1

ሃያብለ። ከናዒማ ቤት አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል። ኪቦርዱ መሬት ላይ ነው። አዲሱ ተከራይ አልመጣም አሉ፤ በሬ እንደተዘጋ ነው።

ጋሼ ጀንበሬ ደወሉ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«እኔማ አለሁ ልጄ፣ አተረፍሽኝ። ሩዋይዳ ግን ዛሬ ዕቃዋን ጫነች። ባሏ ታጁራ ተዛወረ።»

ሩዋይዳ። አሥራ አንደኛ።

ስልኩን ይዤ በጣቴ ቆጠርሁ። አሥረኛ፣ ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስድስተኛ። ከፊት አራቱ ሄደዋል። ከኋላም እየተዘጋ ይመጣል። መሐል ላይ የሚቀረው አንድ በር ነው፣ አምስተኛው፣ ጋሼ የተወለዱባት። ለእሳቸው ብዬ ያዞርሁት ተራ... ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ሊያስቀራቸው ነው። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያው ተራቸው አይደል?

«ጥቤ፣ አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ሐሙስ ከየትኛው ጫፍ ነው የምንጀምረው?»