የጳጉሜን ረድፎች

ሐይቅ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዋሲላ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ጅዳ ይድረስሽ። እማ ደህና ናት፤ እኔም አለሁ። ስደውልልሽ እማ ከአጠገቤ አትጠፋም፣ አንቺም ከማዳምሽ ጆሮ አታመልጪም፤ ስለዚህ በቴሌግራም ጻፍኩልሽ። ስለ ልጅሽ ስለ ሀያ ደግሞ እነግርሻለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

"ኮምፒዩተር ላይ ተጥደህ ትውላለህ" እያልሽ የምትቀልጂብኝን ሥራ ዛሬ ላስረዳሽ። የውኃ ፕሮጀክቱ ልጆች ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ካሉት የእጅ ፓምፖች እየቀዱ ይመረምራሉ፤ ውጤቱን በኤክሴል ሰንጠረዥ ይሞላሉ። የእኔ ድርሻ ያንን ፋይል ፓይተን ወደሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አስገብቶ የትኛው ፓምፕ ንጹሕ እንደሆነ ማውጣት ነው። የሚያስገባውን ኮድ የጻፈው አለቃዬ አስረስ ነው። በዚያ ሪፖርት የእኛ ሰፈር ፓምፕ ንጹሕ ተባለና በዘመን መለወጫ ሳምንት ተከፈተ። ሰፈሩ እንዴት እንደተደሰተ ባየሽ!

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችንን የራዚያን ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ቀጥሎ ሌላ ቤት ገባ። ነገሩ አልጥም ሲለኝ ዋናውን ፋይል ከፍቼ ፓይተን ውስጥ ከገባው ጋር አስተያየሁት። የጳጉሜን ረድፎች በሙሉ የሉም። የፕሮጀክቱ ልጆች ቀኑን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነዋ! ፕሮግራሙ ደግሞ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ይመስለዋል። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ቀኑን ባዶ ያደርገዋል፤ የአስረስ ኮድ ቀን የሌለውን ረድፍ ይጥላል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አላስጠነቀቀንም። ጎርፉ ሽንት ቤቱን እያጠበ ጉድጓድ የሚገባው በጳጉሜን መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። በተጣሉት ረድፎች ላይ የእኛ ፓምፕ ውኃ የተበከለ ነው።

ለአስረስ አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሪፖርቱ ተፈርሞ ሄዷል እኮ ባድሩ። እስከ ሰኞ ታገሰኝ፣ ከላይ ላነጋግር" አለኝ።

"ሰው እየጠጣው ምን ሰኞ ትለኛለህ!" ብዬ ጮኽኩበት። ወጥቼ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር የፓምፑን እጀታ ፈታነው። ራዚያ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች አየችኝ።

"አቦ፣ ንጹሕ ነው ያላችሁን እናንተው አይደላችሁ እንዴ?" አለች።

ፓምፑ ለቤታችን ቅርብ ስለሆነ ሀያ ትምህርት ቤት የምትይዘውን ኮዳ ራሷ ትሞላ ነበር። እንደ ትልቅ ሰው አታግዙኝ እያለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ትንሽ አሟታል። አሁን ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰክቶላታል፤ እማ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ አልተነሳችም። ሐኪሙ ሳትውሉ ሳታድሩ ደሴ ውሰዷት ብሎናል፤ ይህን የምጽፍልሽ መኪና እየጠበቅኩ ነው። ዋሲላዬ፣ ፈርቻለሁ። አንቺ ግን አትጨነቂ።

ድምጿን ላክልኝ ብለሽ ትናንት ጽፈሽልኛል። ስትነቃ እልክልሻለሁ።

ማዳምሽን ፈቃድ ጠይቂያት። እንዳሰብሽው ለዒድ ሳይሆን አሁን። እምቢ ካለችም ለምኛት፤ አልቅሺባት።

አላህ አንቺንና ልጅሽን በዓይን ያገናኛችሁ።

ወንድምሽ ባድሩ