ጥጉ የታጠፈው ዕጣ

ይድረስ ለሙሉ፣ ለሚስቴ።

ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን ከርመሻል ይባላል፤ እኔ ግን መልሱን የማላገኘውን አልጠይቅም። ከተለያየን ዐሥር ወር ከስምንት ቀን ሆነ። የእጅ ጽሑፉ የማርታ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው። ልጅሽ እንደ አንቺ ናት፤ ገና ስንጀምር «አባዬ፣ ይቺን ትንሽ ላለስልሳት?» አለችኝ። ከአፌ እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም የተናገርኩትንና ያልተናገርኩትን ለይቼ ዐውቃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ማርታ ስፕሪንግፊልድ ያለውን አፓርትመንቷን ለቃ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ገብታለች። አልለመንኳትም፣ ራሷ ናት ሻንጣዋን እየጎተተች የመጣችው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ክረምቱን ሙሉ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ስወጣ ከረምኩ፤ አንድም ቀን ግድግዳ አልያዝኩም። መስኮቱ ሥር ያለው ተክልሽ ደርቋል። ማርታ ተባይ ነው የበላው ብላ ልትሸፍንልኝ ነበር፤ ተባይ አይደለም፣ እኔ ነኝ ውኃ ያበዛሁበት። የሥራ ጃኬትሽ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ኪሱ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማሰሪያ አለ፣ የአንድ እግር ብቻ። አልነካሁትም።

የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ያለ ቀን ቴሌቪዥኑን እከፍትና ድምፁን አጠፋዋለሁ። የሚሉት አይገባኝም። በሚገባኝ ቋንቋ የምትነግሪኝ አንቺ ነበርሽ።

ስንት ዘመን አሾፍኩብሽ። አሌክሳንድሪያ በረዶ መንሸራተቻው ቤት ጫማ ማከራየት ስትጀምሪ «የሰው የእግር ላብ ስታሸቺ ልትውዪ ነው» አልኩሽ። ከሥራ ስትመለሺ ማን ማንን ከግድግዳ እንዳላተመው፣ ማን በወደቀበት ሆኖ ጎል እንዳገባ ቆመሽ እያሳየሽ ትነግሪኛለሽ። ባለትዳር ሴት ጎረምሳ ለጎረምሳ ሲላተም ቆማ ታያለች ወይ ስልሽ፣ «ተሾመ፣ አንተ ብታየው ከመቀመጫህ አትነሣም» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፤ ያኔ ግን እውነትሽን ነው አላልኩም።

ያቺ የጫማ ካርቶን ትዝ ትለኛለች። በረዶውን በመኪና የሚያስተካክለው ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ የሰጠሽ፣ የድሮ ሆኪ ተጫዋቾች ካርድ የሞላባት። ዝነኞቹን ለልጅ ልጆቹ አከፋፍሎ፣ ማንም ያልፈለጋቸውን ለአንቺ ሰጠሽ። እኔ ትራፊ ነው አልኩ። አንቺ ግን ጠረጴዛው ላይ ደርድረሽ፣ ከፎቷቸው ጀርባ የተጻፈውን በጣትሽ እየተከተልሽ አነበብሽው። አንዱ ወንድሙ ስመ ጥር ስለነበረ እሱን የሚያስታውሰው የለም። አንዱ ጨዋታ ሲያቆም ቤት ሠሪ ሆኗል። ስማቸው ለአፋችን ስላልተመቸ አንቺ ስም አወጣሽላቸው፤ ታናሹ፣ አናጢው፣ ወላቃው። ወር ሳይሞላ ስለ ወላቃው እንደ ጎረቤት ሰው እናወራ ጀመር።

ውድድሩን ያመጣው ልጃችን ዳዊት ነው። እዚህ አገር ሰው በኮምፒዩተር የራሱን ቡድን እየመረጠ ይፎካከራል፣ እኛ በእነዚህ ለምን አንጫወትም አለ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ሰው የረሳው ተጫዋች ብቻ። አንቺ፣ እኔ፣ ማርታ፣ ዳዊት፤ ለእያንዳንዳችን አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። በየዓመቱ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዳዊት ቤት። ሰዎቹ ጨዋታ ያቆሙ ስለሆኑ አሸናፊው የሚለየው በሙግት ነው። አንዱ ተነሥቶ ስለ ቡድኑ ይከራከራል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል፣ ለራስ መስጠት የለም። አሸናፊው ካርዶቹን እስከ ዓመቱ ይዞ ይቆያል። በሙግቱ እኔን የሚችለኝ አልነበረም። «ዳድ፣ አንተ ሎየር መሆን ነበረብህ» ይለኝ ነበር ልጅሽ።

ማን ይቅደም ሲባል፣ እንደ ዕቁባችን ዕጣ ይውጣ ያልሽው አንቺ ነሽ። ልጆቹ የየራሳቸውን ስም ይጽፋሉ፣ የእኔን አንቺ ትጽፊልኛለሽ፣ አራቱንም እኔ ተቀብዬ አጣጥፌ ሳህን ውስጥ እቀላቅላለሁ። የማወጣውም እኔ ነኝ፣ ማርታ ታነባለች። ስንት ዓመት የዕቁብ ዳኛ ሆኜ ዕጣ አውጥቻለሁ፤ በእኔ እጅ ላይ አንድ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ማርታ፣ እዚህ ላይ እንዳታቆሚ።

የእኔን ወረቀት ጥጉን አጥፌዋለሁ፣ ሙሉ። አንዷን ጥግ ወደ ውስጥ፣ በጥፍሬ ጫን አድርጌ። ጣት ሲያገኘው ያውቀዋል። በየዓመቱ አላደረግኩትም፣ ሦስት ጊዜ ነው። እናንተ ሦስታችሁ የካርዱን ጀርባ ታነባላችሁ፤ እኔ የማየው ፊቱን ነው። ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ስሠራ ያን ሁሉ መኪና በመልኩ ለይቼ ለባለቤቱ አስረክብ ነበር፣ ተሳስቼ አላውቅም። ሰው ግን እንደ መኪና በመልኩ አይለይም። ስለዚህ አንቺ ዓይንሽን የጣልሽበትን አይቼ፣ እሱን ነው ቀድሜ የማነሣው። ማንበብ የማልችለውን ካርድ በአንቺ ዓይን አነበብኩት ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ ፊደል ከቆጠረ ሰው ልቅደም ብዬ።

አንቺ ደግሞ ዓይንሽን የጣልሽው በረኛው ላይ ነበር። ቁጭ ባዩ ያልሽው። ከአንድ ታላቅ በረኛ ሥር ብዙ ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ከባድ ልብስ ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያለፈ። የገባበት ጨዋታ በጣት ይቆጠራል። ምኑን ወደድሽው ስልሽ «ሳይጠሩት በየቀኑ ለብሶ ይቀርባል እኮ» አልሽኝ። ከኋላዬ ስትመርጪ ሌላ በረኛ ታነሺና፣ ቁጭ ባዩን እጄ ላይ ሰረቅ አድርገሽ ታዪዋለሽ። አይቼሻለሁ።

አምና መድኃኒቱ ፀጉርሽን ጨርሶት ነበር። ሻሽ አስረሽ፣ ጋቢ ደርበሽ፣ «ቅዳሜ እንዳይቀርብኝ ውሰዱኝ» አልሽ። ማርታ እየነዳች ትልቁ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወንዙን እያየሽ ጀመርሽ። «ዕቁብ ውስጥ የቸገረው ሰው ዕጣውን ለምኖ ይወስድ የለም? ዘንድሮ እኔ ልለምን። ቁጭ ባዩን አንዴ የራሴ ላድርገው» አልሽ። በሳቅ ነው ያልሽው፤ ማርታም ሳቀች። እኔ ግን «ዕጣ ዕጣ ነው፣ ለሚስት አያዳላም» አልኩሽ። ማርታ በመስተዋቱ አየችኝ። አንቺ «እሺ፣ ዳኛዬ» ብለሽ ጋቢሽን ወደ ላይ ሳብሽ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደረቅ ሽማግሌ እባላለሁ። እሱ አይከፋኝም፣ ነኝም። ግን ዳዊት ቤት ገብተን፣ ዕጣ አያዳላም ባልኩበት አፍ ሳይውል ሳያድር ወረቀቱን አጠፍኩት።

ለምን ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ሐኪሙ በማርታ አፍ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ዕጣ የሚለቀቀው ለቸገረው ነው። ከለቀቅኩልሽ ቸግሮሻል ማለት ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት የለሽም ማለት ነው። ይህን በእጄ ማድረግ አቃተኝ። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ ማሸነፍ ስለምወድ ነው። ማርታ የመጀመሪያውን ብቻ ልትጽፍ ፈልጋ ነበር፤ ሁለቱንም ጻፊ አልኳት።

የእኔ ስም ወጣ። አንቺ ሳቅ ብለሽ «ይኸው፣ ዳኛው ለራሱ ፈረደ» አልሽ። ምን ዐውቀሽ ነው የሳቅሽው? ዐሥር ወር ሙሉ ይህንን ነው የማመነዥከው። ዐውቀሽ ከሆነ ስንት ዓመት ሸፍነሽልኛል። ካላወቅሽ ደግሞ አምነሽኝ ሄደሻል። የትኛው እንደሚከፋ አልለየሁም።

ቁጭ ባዩን አነሣሁ። ተነሥቼም ተሟገትኩለት፤ የተሟገትኩት በራስሽ ቃል ነው። ሳይጠሩት በየቀኑ ለብሶ የሚቀርብ ሰው፣ ከእሱ የበለጠ ማን አለ ብዬ። ድምፅ ሲሰጥ አንቺም ለእኔ ሰጠሽ። አሸነፍኩ።

ሆስፒታል ስትገቢ ካርዱ በደረት ኪሴ ነበር። ልሰጥሽ ስንቴ እጄን ከትቻለሁ መሰለሽ። አንቺ እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ዐይተሽ «ስልክህን ፈልገህ ነው?» አልሽኝ አንድ ቀን። አዎ አልኩሽ። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሄድሽ። መቃብርሽ ላይ አፈር ስመልስም በረኛሽ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ማርታ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ኩሽና ገብታለች። ቧንቧ ከፍታ ቆየች። ተመልሳ «ለዳዊት አንተው ትነግረዋለህ፣ እኔ አልነግርልህም» አለችኝ። ልክ ናት። የቀረውን ቅዳሜ ካለፈ በኋላ አስጽፋለሁ።

ይኸው፣ ቅዳሜ አለፈ።

ምሳ ሳይቀርብ ነገርኩት። ዳዊት «ሲሪየስሊ? እማዬን?» አለ። በረንዳ ወጥቶ ብዙ ቆየ። አልተከተልኩትም፤ ሰው ሲቆጣ ቦታ እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲመለስ አራት ወረቀት ይዟል። አራተኛው የአንቺ ነው። ዕቁብተኛ ቢሞት ዕጣው አይሞትም ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ከዚያ «ዳድ፣ ዛሬ ሳህኑን አትነካም» አለኝ። አልነካሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ከዳኝነት ስነሣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ፍርዱም ልክ ነው።

ቁጭ ባዩን ከኪሴ አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ለእናታችሁ ይሁን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያጭበረበረ ሰው ግን የሚያዝዘው ነገር የለም ብዬ ዋጥኩት። ዕጣውን ማርታ አወጣች። ዳዊት ቀደመ። ካርዱን ትክ ብሎ አየውና አናጢውን አነሣ። ማርታ ሁለተኛ ወጣች፤ እሷም አየችው፣ ታናሹን አነሣች። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ካርዶቹ ላይ ብዙ ቆየሁ። የማነሣውን የሚነግረኝ ዓይን አጣሁ፣ ሙሉ። ወንበርሽ ላይ የዳዊት ላፕቶፕ ነው የተቀመጠው። ፊቱ ደስ ያለኝን አንዱን አነሣሁ። ማርታ ገልብጣ ስታነበው፣ ሰውዬው በመጀመሪያ ጨዋታው ጉልበቱ ተሰብሮ የቀረ ነው። ዳዊት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ግድ የለኝም፣ የራሴ ምርጫ ነው።

የቀረው ወረቀት የአንቺ ብቻ ነበር። ማንበብ ለማይችለው ለእኔ እንኳ ግልጽ ነው። ማርታ ግን እንደ ደንቡ ዘርግታ ስምሽን አነበበች። አራቱም ጥጎች ቀጥ ያሉ ነበሩ። ቁጭ ባዩ እስከ መጨረሻው ጠበቀሽ፤ መቼም መጠበቅ ያውቅበታል።

ሙግት ሲደርስ የራሴን ቡድን ትቼ ለአንቺ ቆምኩ። ማርታ ለአንቺ ሰጠች። ዳዊት ለማርታ ሰጠ፤ «እማዬ ታዝኖላት ማሸነፍ አትወድም» አለ። እኔ ለአንቺ ልሰጥ ስል ደግሞ «ለተሟገትክለት ቡድን ድምፅ የለህም» ብሎ ከለከለኝ፤ ለሌላም አልሰጠሁም። ልጅሽ እንደ እኔ ደረቅ ነው። አንቺና ማርታ እኩል ወጣችሁ። አላሸነፍሽም፣ ግን በዚህ ጠረጴዛ ማንም አልሰረቀሽም።

ይቅር በይኝ አልልም። በሕይወት ሳለሽ ያልጠየቅኩትን አሁን እንቢ ማለት በማትችዪበት ጊዜ ብጠይቅ፣ ያም ጥግ ማጠፍ ነው። ቁጭ ባዩ ከኪሴ ወጥቶ ጃኬትሽ ኪስ ገብቷል፣ ከጫማ ማሰሪያው ጋር። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ይወጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ዕጣ ከቀናሽ ወደ አንቺ ይመጣል። እኔ ስሄድ ማርታ ታወጣዋለች፣ ቃል አስገብቻታለሁ።

እኔ ምን አስታውሳለሁ ብትዪኝ፣ ፎቶ አይደለም፣ መቃብርም አይደለም። ይቺ አውራ ጣቴ ናት። የፋርማሲ ደረሰኝ ይሁን የቤተ ክርስቲያን ወረቀት፣ በያዝኩ ቁጥር ወደ ጥጉ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ አቆማታለሁ፣ አንቺን አስብሻለሁ፣ ሳላጥፍ እመልሰዋለሁ። እስክሞት እንደዚያ ነው።

ባልሽ ተሾመ።

ማርታ አንድም ቃል አላለሰለሰችም።